ደሴ ላይ እምቢ፣ ኮምቦልቻ ላይ እሺ

ሰኞ ጠዋት ሱቁን የከፈትኩት 2 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ የጦሳ ተራራን አናት ነክታለች፣ እኛ ጋ ግን ገና አልወረደችም። የታኅሣሥ ብርድ ጣት ያደነዝዛል። እንደ ወትሮው ዲቫይደሩን አበራሁና የኮምፒውተሩን ማብሪያ ተጫንኩ። ፋኑ ግማሽ ዙር ዞረና ቆመ። ደግሜ ተጫንኩ። አሁንም ግማሽ ዙር፣ ከዚያ ዝም። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ጢጥ የሚል ድምፅ እንኳን የለም።

ከዚህ በፊት አራት አምስት ጊዜ ስጫነው ይነሣ ነበር። ሰኞ ግን እስከ 4 ሰዓት ስለፋ ቆይቼም አልተነሣም።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የሠርግ ካርድ እያተምኩ ሳለ ድርግም አለ። መብራት የሄደ መስሎኝ ቀና ብል አምፖሉ በርቷል። የጠፋው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። አስነሣሁት፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። በማግስቱ ደገመኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አልነሣም ማለት ጀመረ።

የምሠራው የኮምፒውተር ጽሕፈት ነው። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ አቤቱታ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የመጣውን ሁሉ እተይባለሁ። ሰው ወረቀቱን ወስዶ ይሄዳል፣ ፋይሉ እኔ ጋ ይቀራል። ከዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ «ያቺ ደብዳቤ አለች?» ይለኛል። አለች። ቀኑን ቀይሬ አትምለታለሁ። ሳጥኑ የኔ ነው፣ ውስጡ ያለው ግን የሰው አደራ ነው።

ከአደራዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ የጋሼ ነው። ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ደብተር ላይ ጽፈዋል። ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ ገና በደህናው ጊዜ እንተይበው ብለው መጡ። ጠዋት ጠዋት አጠገቤ ይቀመጣሉ። ደብተሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እያነበቡ፣ እኔ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራም እየተከተልኳቸው 84 ገጽ ደርሰናል። ሲያነቡ አንድ ነገር ትዝ ይላቸዋል። «ቆይ፣ አቁም፣ ይሄ ደብተሩ ላይ የለም» ይሉኝና በቃላቸው ይጨምራሉ። በቃል የተጨመረው ታዲያ ከኮምፒውተሩ ሌላ የትም አልተጻፈም።

ሰኞ ሲመጡ ሳጥኑን ከፍቼ አገኙኝ። እንዳልነሣ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ ቀፎው ይቅር፣ ንቡን ብቻ አድንልኝ» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ በጆሮዬ ሲያስተጋባ ዋለ።

እውነቱን ለመናገር ፋይሉን ሌላ ቦታ አልገለበጥኩትም ነበር። ይህን ማድረግ ነበረብኝ፣ ያውም እኔ ከሌላው ሰው በፊት። በ2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደርሶ ከተማዋን ለቀን ስንወጣ ሁለቱን ኮምፒውተሮች እዚሁ ትቻቸው ሄድኩ። ተመልሼ ስመጣ ያገኘሁት ባዶ ጠረጴዛና የተበጠሰ የማውስ ገመድ ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት ሰው እየመጣ «ፋይሌ አለ?» ይለኝ ነበር፣ እኔም «የለም» እላለሁ። አንዲት እናት የልጃቸው ጉዳይ የተጻፈበትን ደብዳቤ ጠይቀውኝ የለም ስላቸው «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለው ቀስ ብለው ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ያለውን ኮምፒውተር ያገለገለ ገዝቼ ስጀምር በየሳምንቱ በፍላሽ እገለብጥ ነበር። ፍላሹ ሲበላሽ ሌላ እገዛለሁ እያልኩ ጊዜው ሄደ።

ወደ ብልሽቱ ልመለስ። መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ሞከርኩ። ዲቫይደሩን ቀየርኩ፣ የግድግዳውን ሶኬት ቀየርኩ፣ የስክሪኑን ገመድ ነቅዬ ሰካሁ። ከዚያ ሳጥኑን ከፍቼ አቧራውን በብሩሽ ጠረግሁ። ራሙን፣ የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ አወጣሁት። ጠርዙ ላይ የተደረደሩት ወርቃማ ጥርሶች ደብዝዘዋል። የተማሪ ላጲስ ወስጄ ቀስ እያልኩ አሸሁት። ጥቁር ጥቁሩ እየተላጠ ከላጲሱ ፍርፋሪ ጋር ረገፈ፣ ጥርሶቹም አበሩ። ቦታው ላይ መልሼ ቀጭ እስኪል ተጫንኩት። ብዙ ኮምፒውተር በዚህ ብቻ ይነሣል። የኔ አልተነሣም።

በመካከሉ አንድ ምልክት አሳስቶኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሲነሣ ቀኑ ወደ ኋላ ሄዶ 2012 እ.ኤ.አ. ይል ነበር። ሌላው ክፍል ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃ ነው። የ3 ቮልት ናት፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ሰዓት የሚጠግኑት ሁሉ አላቸው። ቀየርኳት፣ ቀኑም ተስተካከለ። በሽታውን ያገኘሁት መስሎኝ ደስ ብሎኝ አመሸሁ። ጠዋት ፋኑ ያው ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ። አንድ ማሽን በአንድ ጊዜ ሁለት የማይገናኝ ችግር ሊኖረው ይችላል። ይህን ባለማሰብ ሦስት ቀን አለፈኝ።

የመጣው ደንበኛ ሁሉ ደግሞ ምክር ይሰጠኛል። «ፎርማት አስደርገው» ነው የሁሉም፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። አንድ የሠፈር ልጅ ዊንዶውስ የተጫነበት ፍላሽ ይዞ መጥቶ «በግማሽ ሰዓት አዲስ አደርግልሃለሁ» አለኝ። በቅንነት ነው፣ አመሰግነዋለሁ። እኔ ግን እምቢ አልኩ።

ይህ ፎርማት የሚባል ነገር ያሳስበኛል። እኛ አገር ኮምፒውተር አሞኛል ባለ ቁጥር የሚታዘዝለት መድኃኒት እሱ ነው። ዊንዶውስ ያለው ሀርድ ዲስኩ ላይ ነው። ማብሪያውን ስንጫን መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ራሱን ይፈትሻል፦ ኃይሉ ደህና ነው ወይ፣ ፕሮሰሰሩ አለ ወይ፣ ራሙ አለ ወይ፣ ስክሪን አለ ወይ። ይህን ሳይጨርስ ወደ ሀርድ ዲስኩ አይደርስም። የማዘርቦርዱ ሎጎ እንኳን ካልመጣ ዊንዶውስ ገና ተራው አልደረሰም ማለት ነው፣ እሱን መቀየር ምንም አያመጣም። የማይመለሰው ግን ፋይሉ ነው። ስንት የልጅ ፎቶ፣ ስንት የሠርግ ቪዲዮ በዚህ ጠፍቷል።

ማክሰኞ ጠዋት ኮምቦልቻ ልወስደው ወሰንኩ። ማዘርቦርድ ድረስ ወርዶ የሚጠግን አንድ ጓደኛዬ እዚያ ነው የሚሠራው። ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሹፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ ነበር የሚወርደው። በየመታጠፊያው ሳጥኑን አቅፌ እይዘዋለሁ። ይህንኑ መንገድ በ2014 ስወርድ እጄ ላይ የልጄ እጅ ብቻ ነበር።

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነው። ኮምቦልቻ ከዚያ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። መናኸሪያ ስወርድ ጃኬቴን አወለቅሁ።

ጓደኛዬ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አደረገው፣ ገመድ ሰካ፣ ማብሪያውን ተጫነ። ጢጥ አለ። ሎጎው መጣ። ዊንዶውስ ገባ።

ምን እንደምለው ጠፋኝ። «ወላሂ ደሴ ላይ አልነሣ ብሎኝ ነው» አልኩት።

«አብሽር፣ አምኜሃለሁ» አለኝ። ማሽኑን ሊፈትሽ አልተቻኮለም። «መጀመሪያ ፋይልህን እናውጣ። በኋላ ይነሣ አይነሣ አናውቅም።» ማሽኑን አጠፋ፣ ሀርድ ዲስኩን ነቅሎ በገመድ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። የጋሼን ፋይል ፈልጌ ከፈትኩት። 84 ገጽ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንኳን በቦታዋ አለች። ወጥቼ ጋሼ ጋ ደወልኩና ንቡ ደህና ነው አልኳቸው። በስልክ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

ፋይሉ እስኪገለበጥ ቡና እየጠጣን ይጠይቀኝ ጀመር።

«መቼ መቼ ነው እምቢ የሚልህ?»

«ጠዋት ጠዋት።»

«አንዴ ከተነሣስ?»

«ይሠራል። ሳትም ብቻ አንዳንዴ ይጠፋል።»

«እሑድ ዘግተህ ሰኞ ስትከፍትስ?»

«ሰኞ ይብሳል።»

ሲኒውን አስቀመጠ። «ይሄማ በርዶት ነው» አለኝ። «አንተ ደግሞ በጋቢ ጠቅልለህ ነው ያመጣህልኝ።»

ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ አወጣው። ከመክፈቱ በፊት እጄን እንዳላስገባ ከለከለኝ። ከሶኬት ቢነቀልም ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል፣ ወደ 310 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ሰው ይገድላል። እሱን በጥንቃቄ ካራገፈ በኋላ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየኝ። ከገመዶቹ ሥር አራት ትንንሽ ካፓሲተሮች ተደርድረዋል። የደህና ካፓሲተር አናት ጠፍጣፋ ነው፣ መሐሉ ላይ መስቀል የመሰለ ጭረት አለው። የነዚህ አናት እንደቦካ ሊጥ ተነፍቷል። የአንዱ ጭረት ተሰንጥቆ ቡናማ ፈሳሽ ወጥቶ ደርቋል።

እንዲህ ነው ያስረዳኝ። ካፓሲተሩ ውስጥ ፈሳሽ አለ። በዓመታት ሙቀት ፈሳሹ እየደረቀ ይሄዳል። የመብራቱ ከፍ ዝቅ ማለትም ያደክመዋል። የቀረችው ትንሽ ፈሳሽ ብርድ ሲይዛት ትወፍርና ካፓሲተሩ ኃይሉን ማስተካከል ያቅተዋል። ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ «ኃይሌ ደህና ነው» የሚል ምልክት ለማዘርቦርዱ ካልላከ ኮምፒውተሩ አይነሣም። ፋኑ ግማሽ ዙር ዞሮ የሚቆመው ለዚህ ነው። ደጋግሜ ስጫነው የሚነሣውም በያንዳንዱ ሙከራ ትንሽ ትንሽ ስለሚሞቅ ነበር። ኮምቦልቻ ሲደርስ ማንም ሳይነካው ሞቆ ነበር።

ሳትም ለምን እንደሚጠፋም ነገረኝ። ሥራ ሲበዛበት ብዙ ኃይል ይስባል፣ የደከመው ፓወር ሰፕላይ አይችልም። ከመፍታቱ በፊት በቴስተር ለክቶት ነበር። 12 ቮልት መስጠት ያለበት ገመድ ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም። የኔ ሥራ ሲበዛበት 11.2 ደርሷል።

አራቱንም ነቅሎ ቀየራቸው። የበፊቶቹ የመያዝ አቅማቸው 2200 ማይክሮፋራድ፣ ቮልታቸው 10 ነበር። እሱ ማይክሮፋራዱን ሳይለውጥ 16 ቮልት አስገባ። ቮልቱ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ማነስ ነው የሌለበት። ነጩ መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቩ ነው፣ ተገልብጦ ከተሠራ ይፈነዳል። ለያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር የሚያየው። የሰው እጅ እንዲህ ሲጠነቀቅ ማየት ደስ ይላል። የከፈልኩት ከአዲስ ፓወር ሰፕላይ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። በተረፈኝ እዚያው ውጪያዊ ሀርድ ዲስክ ገዛሁ። ፋይሉ ሁሉ አሁን እሱም ላይ አለ። ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ቤት ነው የሚያድረው፣ ባለቤቴ የመታወቂያና የካርታ ወረቀታችንን በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ።

ማታ ስመለስ ኮምፒውተሩን ሱቅ ውስጥ አሳደርኩት፣ ሳልሸፍነው። ብርዱ እንዲያገኘው ፈልጌ ነው።

ዛሬ ረቡዕ ጋሼ ከኔ ቀድመው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፣ በጋቢ ተጀቡነው፣ ደብተሩን ብብታቸው ሥር ይዘው። ከፈትኩ። የማብሪያው ብረት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ተጫንኩ። ፋኑ ግማሽ ዙሩን አለፈ፣ ዙሩን ሞላ፣ ቀጠለ። ጢጥ አለ። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ።

ገጽ 85 ላይ ጋሼ ገና የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ተማሪ ናቸው። ትንሽ አነበቡና ጣታቸውን መስመሩ ላይ አቆሙ። «ቆይ፣ ይሄ ደብተሩ ላይ የለም» አሉ። «በታኅሣሥ ጠዋት እስክሪብቷችን ቀለም አልሰጥ ይል ነበር። መዳፋችን መሐል አድርገን እናሸዋለን፣ በትንፋሻችን እፍ እንላለን። ሲሞቅ ይጽፋል። ጻፈው።»

ጻፍኩት።