ከለገሃር እስከ ስድስት ኪሎ በ26 ጥርስ

በመስከረም መጨረሻ በብስክሌት ወደ ሰሜን ሸዋ ለመሄድ አስቤ ስለነበር፣ ከከተማ ከመውጣቴ በፊት ራሴንም ብስክሌቱንም በሙሉ ጭነት ልፈትን ብዬ በአንድ የነሐሴ እሑድ ማለዳ ከለገሃር አሮጌ የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት ሥር ተነሣሁ። በሁለት ሻንጣ 14 ኪሎ ዕቃ ጭኛለሁ፤ እኔ፣ ብስክሌቱና ጭነቱ አንድ ላይ 98 ኪሎ እንሆናለን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ቸርችል ጎዳና ታጥቦ ነበር፤ መኪናም ገና አልበዛም።

እስከ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የሚያሳስብ ነገር አልገጠመኝም። ጥቁር አንበሳን አልፌ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ስቃረብ ግን የመጨረሻው ቀላል ማርሽ ላይ ደርሼ ነበር፤ ከሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ በላይ፣ መንገዱ ወደ ማዘጋጃ ቤት ቀጥ ብሎ ሽቅብ በሚወጣበት ቦታ፣ ጉልበቴ በየዙሩ ይጮህ ጀመር፤ መሪውም ግራና ቀኝ ይዋልል ገባ። ወርጄ እየገፋሁ ስወጣ አንዲት ቆሎ ሻጭ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ይደርሳል» አሉኝ። ብስክሌቱን የሸጠልኝ ሰው «በዚህ የማይወጣ ዳገት የለም» ብሎኝ ነበር፤ ባዶውን ቢሆን ሳይሠራ አይቀርም።

ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት አረፍ ብዬ ስሌቱን በማስታወሻዬ ላይ ሠራሁ፤ ከመግዛቴ በፊት መሥራት የነበረብኝ ነው። የፊቱ ማርሽ 50 እና 34 ጥርስ፣ የኋላው ከ11 እስከ 32 ጥርስ ነው። 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማዬ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 2.2 ሜትር ይሄዳል። 34ቱ ለ32 ሲካፈልና በ2.2 ሲባዛ፣ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ 2.34 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። በደቂቃ 60 ዙር ብረግጥ በሰዓት 8.4 ኪሎ ሜትር እጓዛለሁ፤ ያንን ፍጥነት በ8 በመቶ ዳገት ላይ ከ98 ኪሎ ጋር ለመያዝ የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ ወደ 180 ዋት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ከወደብ ከተማ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ 180 ዋት እኔን ለመሰለ የቢሮ ሰው ለሰዓታት የሚዘለቅ ኃይል አይደለም። ኃይሉ ሲያንስ የእግሬ ዙር ወደ 40 ይወርዳል፤ ጉልበትን የሚጎዳው ደግሞ ይህ ዘገምተኛና ከባድ ርግጫ ነው።

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ያለውን በአዲሱ የብስክሌት መስመር ላይ በእርጋታ ሄጄ፣ እስከ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ድረስ እንደምንም ወጣሁ። ስመለስ የማውቃቸው አንድ አዛውንት ጠጋኝ ዘንድ ጎራ አልኩ። ሐሳቤ የ34ቱን ጥርስ ፈትቶ በትንሽ መተካት ነበር። እሳቸው ግን አምስቱን ብሎኖች እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ ብሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ33 ያነሰ ጥርስ አይገባበትም። ፔዳሉና የፊት ጥርሶቹ የሚታሰሩበትን ክራንክ ሙሉውን ነው የምትቀይረው» አሉኝ።

በምርጫው ላይ ብዙ ተከራከርን። ለኮረኮንች መንገድ ተብሎ የሚሠራው፣ የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ በ2019 ባወጣው የጂአርኤክስ ቤተሰብ ውስጥ ያለው 46 እና 30 ጥርስ ያለው ክራንክ ያምራል፤ ነገር ግን 30 ከ34 የሚያንሰው በ12 በመቶ ብቻ ነው፤ ሻንጣ ለሚጭን ሰው ይህ አይበቃም የሚል አቋም አለኝ። ጋሼ ከመደርደሪያቸው ያወጡት ያገለገለ፣ 48፣ 36 እና 26 ጥርስ ያለው የጉዞ ብስክሌት ክራንክ ነበር። ትልቁን አንሥተን በቦታው ሱሪን ከሰንሰለት የሚከላከል ክብ አሰርንና 36ቱን እና 26ቱን ብቻ አስቀረን። በዚህ ዝቅተኛው ማርሽ 1.79 ሜትር ሆነ፤ በ60 ዙር 6.4 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ በዚያው ዳገት ላይ ወደ 138 ዋት። በፊቶቹ ሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ልዩነትም ከ16 ወደ 10 ጥርስ ስለወረደ፣ የኋላው ማርሽ መቀየሪያ የሚሰበስበው ልል ሰንሰለት ቀነሰ።

ሥራው ግን ክራንክ ነቅሎ ክራንክ በመግጠም አላለቀም። የውስጡ ጥርስ ከፍሬሙ ጋር እንዳይነካካ የመሐሉን ዘንግ ከነኩሽኔታው በረዘመ ቀየርን፤ ሰንሰለቱን 6 ቀለበት አሳጠርን፤ የፊቱን መቀየሪያም ወደ ታች አወረድን። መቀየሪያው ለ50 ጥርስ ቅርጽ የተሠራ በመሆኑ ከ36ቱ ጋር ልክ አይገጥምም፤ ይቀይራል፣ ግን ያመነታል።

በማግስቱ ማለዳ ያንኑ 14 ኪሎ ጭኜ ከለገሃር እንደገና ተነሣሁ። ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ በእግረኛ ፍጥነት ነበር የወጣሁት፤ አንድ ተማሪ በእግሩ ቀድሞኛል፤ ግን አልወረድኩም፣ መሪውም አልዋለለም። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ የፊቱ 36 ከኋላው 11 ጋር ሆኖ፣ በደቂቃ 90 ዙር እየረገጥኩ፣ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ማርሹ አለቀብኝ። በ50ው ጥርስ 54 ይደርስ ነበር፤ ያን ያህል ፍጥነት በቸርችል ቁልቁለት ላይ የምፈልግበት ምክንያት አልታየኝም፤ እጄም ፍሬን ላይ ነበር። አሁን የቀረኝ 36ቱ ላይ ስሆን የሚያንሿሽሸውን የፊት መቀየሪያ ማስተካከል ነው፤ ጋሼ ረቡዕ ና ብለውኛል።