ማሳዳ፦ ውኃ ያቆየው ምሽግ

በእስራኤል ምድረ በዳ፣ ከጨው ባሕር አጠገብ ያለውን ጥንታዊ ምሽግ ማሳዳን ለማየት የተነሣሁት ስለ ግንቡ ብዬ ነበር፤ ከወረድሁ በኋላ በሐሳቤ ሲመላለስ የሰነበተው ግን ውኃው ነው።

ጎሕ ሳይቀድ ከጨው ባሕር ወገን ተነሥቼ፣ ጥንታዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዩስ ዮሴፉስ «እባብ» ብሎ በጠራው ጠመዝማዛ መንገድ ሽቅብ ወጣሁ። ኬብል ካር ስለ መኖሩ ያስታወስሁት ጉልበቴ ከዛለ በኋላ ነው። አናቱ 600 ሜትር ያህል ርዝመትና 300 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሜዳ ሲሆን ዙሪያውን ገደል ስለሚከበው፣ «አምባ» ከማለት የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ዮሴፉስ እንደሚለው ንጉሥ ሄሮድስ ይህን ስፍራ ያጠናከረው አንድም የገዛ ሕዝቡ እንዳይነሣበት፣ አንድም የግብጿ ክሌኦፓትራ መንግሥቱን እንዳታስነጥቀው በመስጋት ነው። በሰሜኑ ገደል ላይ በሦስት እርከን የተሠራው ቤተ መንግሥቱ ጎብኚውን ሁሉ ይስባል። እኔ ግን በሰሜን ምዕራብ በኩል ከገደሉ ወገብ ላይ በሁለት ረድፍ በተፈለፈሉት 12 የውኃ ጉድጓዶች ፊት ብዙ ቆየሁ። ዝናብ ብርቅ በሆነበት በዚህ ምድረ በዳ፣ በክረምት ድንገት የሚወርደው ጎርፍ ከምዕራብ ባሉት ሸለቆዎች ተገድቦ በቦይ እየተመራ ወደ ጉድጓዶቹ ይገባ ነበር፤ ከዚያ ወደ አናቱ የሚያደርሰው የሰውና የጋማ ከብት ጫንቃ ነው። ሁሉም ሲሞሉ 40,000 ሜትር ኩብ ያህል ይይዙ ነበር። በአምባው ደቡብ ወዳለው ሌላ ጉድጓድ በደረጃ ወርጄ ግድግዳውን ብዳስሰው፣ የኖራው ልስን ዛሬም አልረገፈም።

እ.ኤ.አ. በ66 ምሽጉን የያዙት አይሁዳውያን ዐመፀኞች ኢየሩሳሌም በ70 ከወደቀች በኋላም የጸኑት በዚሁ ውኃ ነው። በ73 ወይም በ74 የሮማው አዛዥ ፍላቪዩስ ሲልቫ ከዐሥረኛው ሌጌዎን ጋር መጥቶ አምባውን በግንብና በስምንት ሰፈሮች ከበበ፤ የሰፈሮቹ አራት ማዕዘን ቅርጽ ከላይ ሆኖ ለሚመለከት አሁንም ይታያል። የሚያስገርመው፣ ውኃ ከሩቅ በአይሁድ ምርኮኞች ማስመጣት ግድ የሆነበት ከታች ሆኖ የከበበው ጦር ነው። ሲልቫ ጥም እስኪያሸንፋቸው ሳይጠብቅ በምዕራብ በኩል የአፈርና የድንጋይ ዳገት አስቆልሎ ቅጥሩን ሰበረ።

ዮሴፉስ ቅጥሩ በተሰበረበት ሌሊት 960 ሰዎች፣ ገዳዮቹን በዕጣ መርጠው፣ በገዛ እጃቸው አለቁ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1965 በይጋኤል ያዲን መሪነት በተካሄደው ቁፋሮ ስም የተጻፈባቸው 11 የሸክላ ስባሪዎች ተገኝተዋል፤ የሞት ዕጣ የተጣለባቸው መሆናቸው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። መሪያቸው አልዓዛር ቤን ያኢር ተናገረው የተባለው ረጅም ቃልም ከጸሐፊው ብዕር የተቀዳ ይመስለኛል። ያም ሆኖ ዮሴፉስ ምስክር አለኝ ይላል፤ ሁለት ሴቶችና አምስት ልጆች ከመሬት በታች ባለው የውኃ መተላለፊያ ተደብቀው ተርፈዋል፤ የአልዓዛርን ቃልና የሆነውን ሁሉ ለሮማውያን የነገረችውም ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ናት።