ከፊት ሥዕሉ፣ ከኋላ ስፒሉ

የመጀመሪያውን ባጅ ያገኘሁት ባጅ ለመግዛት ወጥቼ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ አሸዋ ገበያ ካሉት የሰልባጅ ነጋዴዎች ዘንድ ለልጄ የጂንስ ጃኬት ስመርጥ፣ ከአንዱ ጃኬት ኮሌታ ሥር ከብር ሳንቲም ትንሽ ሰፋ የምትል አረንጓዴና ነጭ ክብ ቆርቆሮ ተሰክታ አየሁ። ነጋዴው ጃኬቱን እየጠቀለለ «እሷን ምራቂ አድርጋት፣ አቦ» ብሎኝ ሳቀ። ማታ ቤቴ በማጉያ መነጽር ስመለከታት፣ ላይዋ ላይ የተጻፉት ስሞች ካርተር እና ሞንዴል መሆናቸውን፣ በጠርዟ ዙሪያ ደግሞ የአታሚዎች የሠራተኛ ማኅበር ምልክት በጤፍ ፍሬ መጠን መታተሙን ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 የጆርጂያው የኦቾሎኒ ገበሬ ጂሚ ካርተር ከምክትል ዕጩአቸው ከሞንዴል ጋር ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ደጋፊ ደረቱ ላይ ያደረጋት ባጅ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይታ የባቢሌ ኦቾሎኒ በየመንገዱ በሚሸጥበት አገር ምራቂ ሆና ተገኘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ስገዛ አስቀድሜ የማየው ኮሌታውን ሆነ።

በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ አንድ ነገር በእጄ ሲገባ ከየት እንደመጣና ማን እንዳስረከበው ካልተጻፈ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ባጅ ከመሰብሰቤ በፊት ባጅ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፈለግሁ። የጥንቶቹ ክብ ባጆች አሠራር ቀላል ቢመስልም ብልሃት አለበት፤ የታተመ ወረቀት በቆርቆሮ ክብ ላይ ይደረጋል፣ በላዩ ስስ ሴሉሎይድ ይለበጣል፣ የሁለቱም ጠርዝ ወደ ኋላ ታጥፎ በብረት ቀለበት ይያዛል፣ በቀለበቱ ውስጥ ደግሞ የተጠማዘዘ የሽቦ ስፒል ይገባል። ይህን አሠራር በስፋት ያወጣው በኒው ጀርሲ፣ ኒዋርክ የነበረው ዋይትሄድ ኤንድ ሆግ የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ ማኪንሌይና ብራያን በተፎካከሩበት የ1896ቱ የአሜሪካ ምርጫ ባጁ የሕዝብ ጌጥ ሆነ። ድርጅቱ በባጁ ጀርባ የፈጠራ መብቱን ቀን የያዘ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ቆይቶ ወረቀቱም ሴሉሎይዱም ቀርቶ ሥዕሉ በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ይታተም ጀመር፤ የእኔዋ ካርተር ከዚህኛው ወገን ናት። የሶቪየቶቹ ባጆች ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ቀደም ያሉት ከባድና በእሳት የቀለጠ ኢናሜል ያለባቸው ሲሆኑ፣ የኋለኞቹ በአብዛኛው ቀላል አሉሚኒየም ናቸው፤ በብዙዎቹ ጀርባ ላይ ዋጋቸው በኮፔክ ተቀርጾ ይገኛል። ፊቱ እንዲታይ የሚፈለገውን ሲያሳይ ጀርባው የተሠራበትን ይናገራል፤ ባጅ በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገለብጠውም ለዚህ ነው።

ከሰልባጁ ቀጥሎ ትልቁ ምንጬ ሐረር ሆነ። ጁገል ውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ ስሙን ያወጣለት መኪና ግርግር የሚባል የልብስ ሰፊዎች መንገድ አለ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ኮቴን ሊያጠብቡ እጄን ሲለኩ፣ ከመኪናቸው ሥር ቁልፍ የሞላበት የብስኩት ቆርቆሮ ዓይኔ ገባ። «አባባ፣ ይህን ላየው እችላለሁ?» ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም መለኪያ ሜትሩን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ቆርቆሮውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት። የቀንድ ቁልፍ፣ የነሐስ የወታደር ቁልፍ፣ የዛገ መርፌ ቁልፍ፣ የተላቀቀ የዚፕ ጥርስ፤ ከእነዚህ መሀል ጣቴን የወጉኝ አምስት ባጆች ነበሩ። ለካ ሰዎች አሮጌ ኮት ሊያስገለብጡ ሲያመጡ በኮሌታው የቀረውን ሰፊው አውጥቶ ከቁልፉ ጋር ይጥለዋል፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ መልሶ አይጠይቅም። አርባ ዓመት በሠሩበት ወንበር ሥር የአርባ ዓመት የደረት ጌጥ ተከማችቶ ነበር ማለት ነው። ሽማግሌው ገንዘብ አልቀበልም ብለው፣ በምትኩ ቆርቆሮውን ሙሉውን ለይቼ ቁልፎቹን በየመጠናቸው እንድደረድርላቸው ጠየቁኝ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ከከፈልኳቸው ዋጋዎች ሁሉ የማልቆጨው ይህኛው ነው።

በዚያው ጉዞ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ከግል ስብስባቸው ያቋቋሙትንና በተለምዶ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንጻ ያለውን ሙዚየም ጎበኘሁ። የአንድ ሰው ጽናት ምን ያህል ሊሰበስብ እንደሚችል ሳይ፣ የእኔን የጫማ ካርቶን ለሰው ማሳየት አፈርኩ፤ መሰብሰቡን ግን አልተውኩም።

ዕቃው የሚገኘው በገበያ ቢሆንም ታሪኩ የሚገኘው በበርጫ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት ሰውን ከከሰዓት በኋላ በጥላ ሥር ሲያስቀምጠው ወሬ ይረዝማል፤ ምርቃናው ከፍ ሲል ደግሞ ተራ ወታደር ኮሎኔል ይሆናል፣ የባቡር ዘይት ቀቢ መሐንዲስ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ የሰማሁትን ሁሉ እንደ ወረደ ጻፍኩ፤ ከዚያ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ባጅ ፈጽሞ የማይገናኝ ታሪክ ሲነግሩኝ ደብተሬን ዘግቼ ማሰብ ያዝኩ። ከሥራዬ የተማርኩትን ዘዴ ተጠቀምኩ። ለእያንዳንዱ ባጅ አንዲት ካርድ አዘጋጅቼ ሁለት መስመር አሰመርኩባት፤ በመጀመሪያው መስመር ባለቤቱ የነገረኝን በራሱ አነጋገር፣ በሁለተኛው እኔ ከባጁ ላይ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ቃል ነው፣ ሁለተኛው ደረሰኝ ነው።

ይህን ዘዴ ያመጣው ኪሳራ መሆኑን ልናገር። አንድ ወጣት ከለገሃር አካባቢ የነሐስ የኮፍያ ዓርማ ይዞልኝ መጥቶ፣ ቅድመ አያቱ ባቡር ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ሲገባ ያደረጉት ነው አለኝ። ያ እ.ኤ.አ. 1917 ነው። ልቤ ዘለለና 800 ብር ከፈልኩ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ዓርማውን ስወለውል ከዝገቱ ሥር ሲ፣ ዲ፣ ኢ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ወጡ። እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ባቡሩን ያስተዳድር የነበረው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ነው፤ ሦስቱ ፊደላት የሚያሳጥሩት የጅቡቲና የኢትዮጵያ ባቡር የሚለው ስያሜ የመጣው ጅቡቲ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ቅድመ አያቱ ያን ዓርማ ለማድረግ ከመቃብር መነሳት ነበረባቸው። ወጣቱ ግን ዋሽቶኛል ብዬ አላምንም፤ ቤተሰቡ ሦስት ትውልድ በባቡር ሥራ ያሳለፈ ስለነበር የአባቱ ዓርማ ወደ ቅድመ አያቱ ታሪክ ተንሸራትቶ ይሆናል። ጥፋቱ ሳያጸዳ የከፈለው የእኔ ነው። ዛሬ ዓርማው ሦስት ፊደል ያለው የ1980ዎቹ ዓርማ ሆኖ በክብር ተቀምጧል፤ ዋጋውም በካርዱ ላይ ሳይቀነስ ተጽፏል።

አንዳንዴ ደግሞ ሲጣራ ይበልጥ የሚጣፍጥ ታሪክ አለ። ከዚራ ውስጥ ባንድ ሆቴል አስተናጋጅ የነበሩ አዛውንት የነብር ራስ ያለባት ትንሽ ባጅ አሳዩኝ። የአፍሪካ ዋንጫ በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ሲካሄድ አንደኛው ምድብ ድሬዳዋ ላይ መጫወቱን ዛሬ ብዙ የከተማችን ወጣት አያውቅም፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና «ነብሮቹ» የምትባለው ዛየር፣ የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ እዚህ ነበሩ፣ ዋንጫውንም በመጨረሻ የወሰደችው ከዚህ ምድብ ያለፈችው ሞሮኮ ናት። አዛውንቱ እንደነገሩኝ፣ ዛየር ባሸነፈችበት ማታ አንድ ተጫዋች በደስታ ባጁን ከደረቱ ነቅሎ ሰጣቸው። እኔ ግን ውጤቶቹን አንድ በአንድ ሳይ፣ የቀድሞዋ ሻምፒዮን ዛየር በናይጄሪያ 4 ለ 2፣ በሞሮኮ 1 ለ 0 ተሸንፋ ከሱዳን ጋር 1 ለ 1 ተለያየች እንጂ ድሬዳዋ ላይ አንድም ጨዋታ አላሸነፈችም። በሚቀጥለው ሳምንት ቀስ ብዬ «ጋሼ፣ ዛየር እኮ አላሸነፈችም» አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «አቦ፣ ሁለቴ ለተሸነፈ ሰው አቻ መውጣት ድል አይደለም?» አሉኝ። መልሱን ሁለቱም መስመሮች ስላልያዙት በካርዱ ጀርባ ጻፍኩት።

ስለ አያያዝ ያጠፋሁት ብዙ ነው፤ የባሱትን ሁለቱን ብቻ ላንሳ። የአብዮቱን 10ኛ ዓመት፣ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የምታስታውስ ባጅ ጠቁራ ሳገኛት፣ እናቴ የነሐስ ዕቃ በምታጸዳበት መንገድ በሎሚና በአመድ ፈተግኋት። ጥቁሩ ለቀቀ፤ ቀዩ ቀለምም አብሮት ለቀቀ፤ የቀረኝ ባዶ ቆርቆሮ ነው። አሁን በደረቅና ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አቧራውን አነሳለሁ፣ ሌላውን ዕድሜው ነው ብዬ እተወዋለሁ። ሁለተኛው ጥፋቴ የሴሉሎይድ ባጆቼን አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ሣጥን ዘግቼ ሳቢያን ባለው ቤቴ ቁም ሣጥን ላይ ማስቀመጤ ነው። በግንቦት ሙቀት ከርሞ ስከፍተው መጀመሪያ የካምፎር፣ ቀጥሎ የሚኮመጥጥ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ከራሱ የሚወጣው ጋዝ መውጫ ካጣ ራሱን ይበላል፣ አጠገቡ ያለውን ብረትም ያዝጋል። ሦስት ባጆች ቢጫ ሆነው ተሰነጣጠቁ፣ የጎረቤቶቻቸው ስፒል አረንጓዴ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሴሉሎይዱን ከብረቱ ለይቼ፣ እያንዳንዱን በነጭ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ከቤቱ ቀዝቃዛው ጥግ በካርቶን አኖራለሁ፤ ቶሎ የሚቀጣጠል ነገር ስለሆነም ከማዕድ ቤት አርቀዋለሁ።

ከአያያዙ ይልቅ ጊዜ የወሰደብኝ አጠያየቁ ነው። «ይህ የዘመቻ ባጅ ነው አይደል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ራሱ ሰጥቷል፤ ሽማግሌ ሰው ደግሞ እንግዳ ማሳፈር ስለማይወድ «አዎን፣ ነው» ይላል። ባጁን በእጃቸው ሰጥቼ ዝም ማለትን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ሰው ባጅ ሲጨብጥ አውራ ጣቱ መጀመሪያ የሚሄድበትን ቦታ አያለሁ፤ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል።

እነዚህን ሁሉ የፈተነችኝ አንዲት ቀይ ኮከብ ናት። ሐረር ውስጥ አንዲት እናት፣ የሟች ባለቤታቸውን ኮት ለዘመድ ሊሰጡ ሲያወጡ በኪሱ ያገኙትን ባጅ በመሐረብ ጠቅልለው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይህን ካራማራ ላይ የሩሲያ ጄኔራል በገዛ እጁ ነው ያደረገለት» አሉኝ። መሐረቡን ስገልጥ አምስት ጫፍ ያላት ቀይ ኮከብ፣ በመሀሏም ጸጉሩ የተጠቀለለ የሕጻን ፊት ታየኝ። ሕጻኑ ሌኒን ነው፤ ኮከቧም በሶቪየት ኅብረት ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች በዩኒፎርማቸው ላይ የሚያደርጓት የኦክቶበሪስቶች ባጅ ናት። ጄኔራል ለወታደር የሚሸልማት ዕቃ አይደለችም። ምናልባት የሩሲያ አማካሪ ከልጁ ትዝታ ያመጣት፣ በሲጋራ ወይም በቡና የተለወጠች ትሆናለች። ለእኚያ እናት ይህን መናገር አልቻልኩም፤ ዛሬም ትክክል አደረግሁ እላለሁ። እሳቸውም «ባጅዋን አልሸጥም፣ ግን ከእኔ ዘንድ ከምትጠፋ አንተ ዘንድ አደራ ትቀመጥ» አሉኝ። ካርዷን ማታ ጻፍኩ። በመጀመሪያው መስመር የእሳቸውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አሰፈርኩ። በሁለተኛው «የኦክቶበሪስት ባጅ። የኋላው ስፒል ተሰብሮ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ታስሯል፤ ባለቤቱ ለብዙ ዓመታት ደጋግመው ያደርጉት እንደነበር ያመለክታል» ብዬ ጻፍኩና በጥንቃቄዬ ረካሁ።

እናቲቱ ካረፉ በኋላ፣ አምና፣ ልጃቸው ሊጠይቀኝ ድሬዳዋ መጣ። አደራዬን ላስረክብ ባጅዋን ከነካርዷ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩለት። ስለ ኦክቶበሪስት የተጻፈውን ሲያነብ ፊቱን ፈርቼ አየሁት፤ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። የታችኛውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበበና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ጋሼ፣ አባቴ ይህችን አንድም ቀን አድርጓት አያውቅም፤ ከኪሱ አትወጣም ነበር» አለኝ። ቀጥሎ እስክሪብቶዬን ለመነኝና፣ ከሁለቱ መስመሮች ሥር በነበረው ባዶ ቦታ በራሱ እጅ እንዲህ ጻፈ፦ «ስፒሉን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የተቆለፈ ሣጥን ልከፍትበት ስታገል። አባቴ ሳይቆጣኝ በሬዲዮ ሽቦ አሰረው።»