«የአባቴን ቃል አታፍርስብኝ»

ጅማ ውስጥ የውርስ ክርክር የያዘ ጠበቃ ውሎ አድሮ የአሮጌ መዝገብ አቧራ መቅመሱ አይቀርም። ዛሬ ችሎቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የድሮው አውራጃ ፍርድ ቤት መዝገቦች የተጻፉት ግን በአማርኛ ነው። የተገኘው ሁሉ ተተርጉሞ ይያያዛል።

ደንበኛዬ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። አባታቸው ባረፉ ማግስት ታላቅ ወንድማቸው «በኑዛዜ ከውርስ ነቅሎሻል» ብለው አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አሳዩአቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 938 መሠረት ልጁን በግልጽ የሚነቅል አባት ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ ማስፈር አለበት፤ በዚያ ገጽ ላይ ግን ምክንያት ቀርቶ ማብቂያ ነጥብ እንኳ አልነበረም። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ተቆርጧል።

ዋናውን ፍለጋ ገባሁ። በአባትየው ስም ምንም ጠፋ። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ «በክርስትና ስማቸው አይተሃል?» አሉኝ። የ1974 ዓ.ም. መዝገብ በዚያ ስም ወጣ። የኑዛዜው ጸሐፊ የንስሐ አባታቸው ነበሩ።

ሁለተኛው ገጽ አብሮ ተሰፍቷል። «በታመምሁ ጊዜ ላስታመመችኝ ልጄ» ይልና ስማቸውን ጠርቶ ሰርቪስ ቤቱን ከነጓሮው ይሰጣቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሰውን የፈረንጅ አራዳውን ትርፍ ቤት ደግሞ «መንግሥት የመለሰ እንደሆነ እኩል ይካፈሉ» ይላል።

ጠበቃ ነኝና ዓይኔ ወዲያው የሄደው ወደ ሥርዓቱ ነው። አራት ምስክሮች ፈርመዋል፤ ነገር ግን ኑዛዜው በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡን የሚገልጽ ቃል የለም። በቁጥር 881 ይህ ከጎደለ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ከፈረሰ ሁለቱ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ እርሳቸው የግቢውን ግማሽ ያገኛሉ፤ ሰርቪሱ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ይህን ሳስረዳቸው አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ ስሜን የጠራበትን ድገምልኝ።»

ደገምኩላቸው።

«አስታመመችኝ ይላል?»

«ይላል፣ እናቴ። ግን ይህ ወረቀት ከጸና የሚያገኙት ትንሽ ነው። ካፈረስነው ግማሹ የእርስዎ ነው።»

«ነቀለሽ ሲሉኝ ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ይህን ይስማ። የአባቴን ቃል አታፍርስብኝ።»

መቃወሚያውን አዘጋጅቼ ነበር፤ አላቀረብኩትም። በእርሳቸው ፈቃድ ከወንድማቸው ጋር በኑዛዜው መሠረት ታረቁ፤ ስምምነቱም በፍርድ ቤት ጸደቀ። ሁለተኛው ገጽ በአስታራቂ ሽማግሌዎቹ ፊት ሙሉውን ተነበበ። ወንድምየው ያ ገጽ የት እንደቀረ ሲጠየቁ መልስ አልሰጡም።

አንድ የሙያ ባልደረባዬ ይህን መዝገብ ለጀማሪ ጠበቆች የደካማ ሥራ ምሳሌ አድርጎ ያነሣዋል። «የደንበኛህን ግማሽ ግቢ ጥለህ ወጣህ» ይለኛል። በሒሳቡ ልክ ነው፤ ግቢው ለዋናው መንገድ የቀረበ ነው፤ ዋጋውን ሳስበው እኔም ይቆጨኛል። ነገር ግን ደንበኛዬ ተነቅለሻል መባሉን ሊያስተባብሉ እንጂ ግቢ ሊለኩ አልመጡም፤ የኑዛዜው ጉድለትና የሚያጡት ነገር በደንብ ተነግሯቸው የወሰኑት ነው። ሌላ ደንበኛ ያንኑ ወረቀት ይዞ ቢመጣ መቃወሚያውን በዚያው ቀን አስገባለሁ።