ዛሬ አባት ሆኜ ዋልኩ

ቀረጻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባት ገጸ ባሕሪ ተሰጠኝ። እስከ ዛሬ ልጅ፣ ታናሽ ወንድም ወይ አፍቃሪ ነበርኩ። ሜካፕ የምትሠራልኝ ልጅ ጺሜ ላይ ሽበት ልትቀባ ብሩሽ አነሳች፣ ትንሽ አየችኝና «አያስፈልግም» ብላ መለሰችው። ሳቅን። እኔን ግን ከነከነኝ፣ አልዋሽም።

ትዕይንቱ ቀላል ይመስላል። ልጄ ሻንጣ ይዞ ከቤት ሊወጣ ነው፣ እኔ ብርጭቆ ይዤ «ደህና ሁን» እላለሁ። በቃ። ግን ካሜራው ቦታ በቀየረ ቁጥር ብርጭቆውን በዚያው እጅ፣ በዚያው ቃል ላይ ማንሳት አለብኝ፤ ያለዚያ ቀረጻዎቹን የሚገጣጥመው ኤዲተር ጉዱ ፈላ። ቲያትር ላይ ድምፄ መጨረሻ ወንበር እንዲደርስ ስታገል ኖሬ፣ ካሜራው ሲጠጋ ቅንድቤን ማንሳት እንኳ ይበዛል።

ሩሲያዊው የትወና መምህር ስታኒስላቭስኪ፣ ተዋናይ «እኔ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ብሆንስ?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ያስተምር ነበር። ጠየቅኩ። የመጣልኝ ግን የአባቴ አቋም ነው፤ ሲከፋው አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ወለል ወለሉን ያያል። በልጅነቴ እያስመሰልኩ የማሾፍበት! ሳላስበው ከሰውነቴ ወጣ፣ ዳይሬክተሩም «እሱን ያዘው» አለኝ።

ሰው በገጸ ባሕሪዬ ስም ሲጠራኝ እዞራለሁ፣ ለምዶብኛል። ድሮ «ታዲያ እኔ ማን ነኝ?» እያልኩ እብሰለሰል ነበር። አሁን የሚያስጨንቀኝ ስልኬ ሳይጠራ የሚያልፉት ወራት ናቸው፤ ያኔ ተዋናይ ነኝ ማለት ራሱ ያሳፍራል።

ነገ የጠብ ትዕይንት አለን። ልጄን የሚጫወተው ጎረምሳ «ጋሼ፣ የእውነት በጥፊ ይምቱኝ» ይለኛል። ጋሼም ሆንን እንግዲህ። አልመታውም፤ የፊልም ጥፊ በካሜራ አንግልና በድምፅ ነው የሚሠራው፣ እሱ አንገቱን በሰዓቱ ያዙር ብቻ።