እማሆይ ማን ነበሩ?

በቤታችን ስለ ቅድመ አያቴ የሚታወቀው ሦስት ነገር ነበር። ጎጃም ተወለዱ፣ መነኮሱ፣ በኅዳር በሽታ ሞቱ። በቃ። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ትልቁም ትንሹም "እማሆይ" ነው የሚላቸው። እማሆይ ደግሞ ስም አይደለም። አንድ ገዳም በር ላይ ቆማችሁ "እማሆይ!" ብትሉ ስንቷ ዞር እንደምትል አስቡት።

ፍለጋው ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ያገኘኋቸውን ስሞች እዚህ አልጽፋቸውም፤ ዘመዶቼ አልፈለጉም፣ እኔም አልጨቀጨቅኋቸውም። መንገዱን ግን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ያባከንኩት በራሴው ስህተት ነው።

መጀመሪያ የሮጥኩት ወመዘክር ነው። ትልቅ መዝገብ ቤት ሁሉም ነገር ያለበት ይመስላላ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የሹማምንት ደብዳቤ ሞልቷል፤ የኔዋ እማሆይ ግን ደብዳቤ የሚጽፉም የሚጻፍላቸውም ሰው አልነበሩም። የልደት የምስክር ወረቀት የሚባለውንማ እርሱት። በአገር ደረጃ ልደትና ሞት በአንድ ሥርዓት መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ አዋጁ ራሱ የ2004 ዓ.ም. ነው። እንደ እማሆይ ያለ ሰው የሚገኘው፣ ሰዎች ስለ ሌላ ጉዳይ ሲጻጻፉ ድንገት ስሙን ባነሱበት ወረቀት ላይ ነው። ያንን ወረቀት ደግሞ ያስቀመጡት አክስቴ ናቸው፣ አልጋ ሥር፣ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ።

አክስቴ ሰማንያ አልፈዋል። ለወራት የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነበር። "የእማሆይ ስም ማን ነበር?" መልሱም አንድ ነው። "ኧረ ልጄ፣ እኔ ምን አውቄ!" አንድ ቀን እንዲሁ ለወሬ ያህል "በዚያን ጊዜ በመሬት የተካሰሰ ዘመድ ነበር እንዴ?" አልኳቸው። አክስቴ ጋደም ካሉበት ቀና ብለው ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ፤ ማን ማንን እንደከሰሰ፣ ማን በሐሰት እንደመሰከረ፣ የማን ቤት ከማን ቤት እስከ ዛሬ ለቅሶ እንደማይደራረስ። ከዚያ ሳጥኑን አስጎተቱኝና አንድ የጠቆረ የፍርድ ግልባጭ አወጡ።

መሬት ለምን? ያኔ ጎጃም ውስጥ ርስት የሚገኘው ዘር በመቁጠር ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አቅኚ አባት መወለዱን፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል፣ ያስረዳ ሰው ድርሻ ይጠይቃል። እኔን የጠቀመኝ "በእናቱ በኩል" የሚለው ነው። በሌላው ወረቀት ሁሉ የተዘለሉ ሴቶች ርስት ሲመጣ አይዘለሉም፤ አንዷን የዘለለ ሰው ቆጠራው ይበጠስበትና ተሸንፎ ይወጣል። የአያቴ እህት በ1952 ዓ.ም. የአጎታቸውን ልጆች ሲከሱ የእናታቸውን ስም፣ የእናታቸውን አባት፣ የእሳቸውን እናት እያሉ ስምንት ትውልድ ቆጥረዋል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነና እንዲህ ያለው ወረቀት ዋጋ አጣ። ስንቱ ቤት እሳት ማቀጣጠያ እንዳደረገው ሳስብ ያመኛል።

ግልባጩ ላይ ያለው ቤተሰቦቻቸው ያወጡላቸው ስም ነው። አንዱ ምስክር ግን "በባሏ አገር እገሊት የምትባለው" ብሎ ሌላ ስም ጠራ። ግራ ገብቶኝ ለአክስቴ ባነብላቸው ሳቁብኝ። በእኛ ዘመዶች ዘንድ ሙሽራ ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች፣ ከዚያ በኋላ በዚያው ትቀራለች። ቀደም ብዬ የባላቸው ወገኖች መንደር ድረስ ሄጄ በትውልድ ስማቸው ስጠይቅ "እንዲህ የምትባል ሴት እዚህ አልነበረችም" ብለውኝ ተናድጄ ተመልሻለሁ። ሰዎቹ አልዋሹኝም።

አምስት ወር የበላብኝ ደግሞ አንዲት ቃል ናት። ሌላ ምስክር እማሆይን "የእገሌ ልጅ" ይላቸዋል፤ የአባታቸው ስም ብሎ የአያቴ እህት ያስመዘገቡት ግን ሌላ ነው። ሁለት ሴቶች ናቸው ብዬ ደመደምኩና ሁለተኛዋን ፍለጋ ወጣሁ። ለካስ ዘር ሲቆጠር "ልጅ" ማለት ተወላጅ ማለትም ነው፣ የልጅ ልጅም ቢሆን። ሰውየው አያታቸው ነበሩ። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፣ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል፤ ስለዚህ አንድ ትውልድ ሲዘለል የሚይዙት ክር ይጠፋል።

ግልባጩ አንድ ሌላ ነገርም አፈረሰ። እማሆይ በ1917 ዓ.ም. ድርሻቸውን ለሴት ልጃቸው እንደሰጡ ሽማግሌዎች መስክረዋል። የኅዳር በሽታ ግን የ1911 ዓ.ም. ነው። የሞተ ሰው ርስት ያወርሳል እንዴ ብዬ ምስክሮቹን ጠረጠርኳቸው። መልሱ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ከወረቀቶቹ ሥር፣ በማኅደሩ እንዳለ የብራና ዳዊት።

ይህን ዳዊት አንድ ዓመት ሙሉ አልገለጥኩትም። መዝሙሩ ከየትኛውም ዳዊት ጋር አንድ ነው፣ ምን አዲስ ነገር ይኖረዋል ብዬ። ሞኝነቴ! የሚያስፈልገኝ ባዶው ቅጠል ነበር። ወረቀት ብርቅ በነበረበት ዘመን ሰው ማስታወሻውን የሚያሰፍረው በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ያልተጻፈባቸው ቅጠሎች ላይ ነው፤ በአብያተ ክርስቲያናት ወንጌል ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ተጽፎ የሚገኘውም ለዚሁ ነው። የኛ ዳዊት መጨረሻ ላይ ያሠሩት ሰው የክርስትና ስማቸውም ዓለማዊ ስማቸውም አለ። ቀጥሎ "ምስለ ብእሲቱ ወለተ" ("ምስለ ብእሲቱ" ከሚስቱ ጋር ማለት ነው) ይልና የእማሆይ የክርስትና ስም ይከተላል፤ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የምታገኘው፣ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ብዙም የማይጠራው ስም። ሦስተኛ መሆኑ ነው። ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ የአንድ ወንድ ልጅ ልደት፣ ከዚያ በታች ደግሞ የባልየው ዕረፍት ተጽፏል። ኅዳር 1911 ዓ.ም.። በበሽታው የሞቱት ባላቸው ነበሩ። እሳቸው የመነኮሱት ከዚያ በኋላ መሆን አለበት፤ ወሬው ከአፍ አፍ ሲዞር ሁለቱ ተደባልቆ የባልየውን ሞት ለሚስቲቱ ሰጣት።

የልጁ ልደት ዓመት ፸፫፻፺፩ ይላል። የግዕዝ ቁጥር አውቃለሁ ባይ ነኝ። ሰባ፣ ሦስት መቶ፣ ዘጠና አንድ ብዬ ደመርኩና 461 አገኘሁ። ያሳየኋቸው መሪጌታ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "ሰባ ሦስት መቶ ነው የሚባለው" አሉኝ፤ 7391 ማለት ነው። የተጻፈው ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠረው በዓመተ ዓለም ነው፣ 5500 ሲቀነስለት 1891 ዓ.ም. ይሆናል። ማስታወሻው "በዘመነ ሉቃስ" ስለሚል ማጣራትም ይቻላል። 7391ን ለአራት ስታካፍሉት ቀሪው 3 ነው። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ገጠመ! ቤቱን በጩኸት አናጋሁት።

ዓመቱን በደስታ ለዘመድ ሁሉ በስልክ ላክሁ። ውጭ ያለው የአጎቴ ልጅ ወደ ፈረንጅ ቀይሮ 1899 ብሎ ጻፈ። ሌላዋ የአክስት ልጅ እሱን የኛ አቆጣጠር መስሏት እንደገና ቀየረችው፣ 1907። አያቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንት ዓመት ወጣት ሆኑ። አሁን አጠገቡ "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ያልተጻፈበት ዓመት ከእጄ አይወጣም።

ሦስቱ ስሞች የአንድ ሴት መሆናቸውን በምን አወቅህ የሚለኝ አለ። ልክ ነው፣ በክርስትና ስም ብቻ ማመን አይቻልም፤ ወለተ ማርያም በየቤቱ አለች። ያቺ "በባሏ አገር" የምትለው የምስክር ቃል ሁለቱን ስሞች ታገናኛለች። የባልየው ዓለማዊ ስም ግልባጩም ዳዊቱም ላይ አለ። ዳዊቱ ላይ የተወለደው ልጅ የክርስትና ስም ደግሞ የአያቴ ነው፤ ይህን ያረጋገጡልኝ አክስቴ ናቸው፣ የአባታቸው ፍትሐት ላይ ሲጠራ ሰምተዋል።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ግልባጩ መታጠፊያው ላይ ተቀዶ ስለነበር በፕላስተር ለጠፍኩት። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኖ ተነሳ፣ ሁለት መስመር ቀለም ይዞ። እንዳለ ብተወው ኖሮ ይነበብ ነበር። ለደበዘዘ ጽሑፍ ደግሞ የስልክ ብልጭታ አይረዳም፤ መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ፎቶ ካነሳችሁት ግን ጠፋ ያላችሁት ፊደል ብቅ ይላል።

ውጤቱን ይዤ አክስቴ ዘንድ ሄድኩና የክርስትና ስማቸውን አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ከትራሳቸው ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ በየዓመቱ ለቄሱ የሚሰጡት፣ የሙታን የክርስትና ስም ዝርዝር ነው። ሟቹ አጎቴ የጻፈው ነው፤ አክስቴ ማንበብ ስለማይችሉ እንዲሁ አምነው ነው የሚሰጡት። እኔም አይቼው አላውቅም። ሦስተኛው መስመር ላይ "እማሆይ" ይላል፣ አጠገቡ ግን ፈጽሞ ሌላ ስም። የምንኩስና ስማቸው ይሆን፣ ወይስ ሌላ ሴት?

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ማንን ነው ስናስጠራ የኖርነው?" አሉ አክስቴ። ወዲያው አዲሱን ስም ከታች እንድጨምርላቸው እስክሪብቶ አቀበሉኝ። የድሮውን ልሰርዝ ስል እጄን ያዙኝ።

"ተዋት። የማን እንደሆነች እስክናውቅ አብራ ትጠራ።"