የራስ ምት ቅያሪ፦ ከራግቢ የተማርኩት፣ ሦስተኛ ወር

ደብረ ብርሃን ላይ ታዳጊዎችን እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። ራግቢ፣ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ የሚጋፉበትን ስፖርት፣ ተጫውቼ አላውቅም። ግን ጭንቅላቱን ስለተመታ ተጫዋች ሕጉ የሚለውን ሦስት ወር ሙሉ ሳነብ ከረምኩ። ምክንያቱ አንድ ልጅ ነው።

ታኅሣሥ ነበር። ውርጩ ገና አልለቀቀም፣ ሜዳው ድንጋይ ሆኗል። ተከላካያችን ለቴስታ ዘለለና ከሌላ ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ተላተመ። ሲወድቅም ማጅራቱ መሬት መታ። አንዱ ውሃ አፈሰሰበት፣ ሌላው ክብሪት ይዞ መጣ። «ደህና ነኝ ኮች» ብሎ ተነሳ። የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ሲል ሁለቴ ሳተው። አይቻለሁ። ግን 3ቱንም ቅያሪ ጨርሼ ነበርና መልሼ አስገባሁት። ከጨዋታው በኋላ አስመለሰው፤ ሁለት ቀን ራሱን አመመው። ተመስገን፣ አሁን ደህና ነው።

መጀመሪያ የገረመኝ የራግቢ ሕግ የእኔን ችግር ቀድሞ ማሰቡ ነው። በትልልቅ ውድድሮች ጭንቅላቱ መጎዳቱ የተጠረጠረ ተጫዋች ለ12 ደቂቃ ይወጣል፤ በቦታው ጊዜያዊ ተቀያሪ ይገባል። ቡድኑ ቅያሪ ቢጨርስ እንኳ ቀድሞ ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ መግባት ይችላል። አሠልጣኙ በልጁ ጤናና በቡድኑ ቁጥር መካከል እንዲመርጥ አይገደድም ማለት ነው። ሐኪሙ የማስታወስ ችሎታውን፣ ሚዛኑንና የሚሰማውን ሕመም ይመረምራል። ካላለፈ ወይም ጊዜው ካለፈ ቅያሪው ቋሚ ይሆናል። ራሱን የሳተ ወይም የተንገዳገደ ግን ወጣ ማለት ወጣ ነው፤ አይመለስም።

12 ደቂቃው ዝም ብሎ አልመጣም። መጀመሪያ 5 ነበር። በሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ አውስትራሊያ ከብሪታንያና አየርላንድ ጥምር ቡድን ጋር ሲጫወት፣ የአውስትራሊያው ጆርጅ ስሚዝ ጭንቅላቱን ተመቶ እየተንገዳገደ ወጣ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ገባ። ብዙ ተቃውሞ ተነሳ። ጊዜው በኋላ ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 12 አደገ።

በሁለተኛው ወር የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። በልምምድ ጨዋታ አንድ ልጅ ተመታ፤ አወጣሁት፣ ሰዓት ያዝኩ፣ ጠያየቅሁትና በ12 ደቂቃው መለስኩት። ማታ ሳነብ ደነገጥኩ። ያ አሠራር የሠለጠነ ሐኪም ሜዳ ዳር ላለበት ውድድር ብቻ ነው። እንደኛ ላለው ሕጉ አጭር ነው፦ ከተጠረጠረ ይወጣል፣ በዚያ ቀን አይመለስም። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሐኪም ያላቸው ትልልቅ ውድድሮችም ቢሆኑ ከጨዋታው በኋላና ከ36 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደገና ይመረምራሉ። በማግሥቱ ልጁ ቤት ሄጄ ለእናቱ ነገርኳቸው፦ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ ካበዛ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

እግር ኳስም ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውድድሮች ከፈለጉ ለራስ ምት አንድ ተጨማሪ ቅያሪ እንዲፈቅዱ ሕጉ ውስጥ አስገብቷል። ተጋጣሚም ተጨማሪ አንድ ያገኛል። ይህን ይዤ ከምንጋጠማቸው ቡድኖች አሠልጣኞች ጋር ተነጋገርኩ። አንዱ «ያስመስላሉ እኮ!» አለ። የወጣ ልጅ እስከ ጨዋታው መጨረሻ ካልተመለሰ ማን ብሎ ነው የሚያስመስለው? ተስማማን፤ የራስ ምት ከቅያሪ አይቆጠርም።

ባለፈው ቅዳሜ በረኛችን ከቋሚው ጋር ተጋጨ። አጠገቡ ተንበረከክሁና «ስንተኛው አጋማሽ ነው?» አልኩት። «ሁለተኛ።» ልክ ነው። «ባለፈው ሳምንት ከማን ተጫወትን?» ዝም ብሎ አየኝ። አወጣሁት። እያለቀሰ ወጣ። ጋቢ አለበስነው፤ አጎቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው።

የሚቀረኝ ልጆቹን ማስተማር ነው። ተመቺው «ደህና ነኝ» ማለቱ አይቀርም። የጫማ ክር ሲስት ቀድሞ የሚያየው ግን አጠገቡ ያለው ጓደኛው ነው። ማክሰኞ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት እጅ አንስቶ ዳኛ መጥራትን እንለማመዳለን።